ዓርማ በደቂቃ ይሣላል፤ ስም ግን በምርት ይገነባል

የፎገራ ሩዝ፣ የላስታ ነጭ ማር፣ የምንጃር ጤፍ፣ የመተማ ሰሊጥ ሲባል ገዥው ሁሉ ምን እንደተባለ ያውቃል። እነዚህ ስሞች የወጡት በማስታወቂያ ሳይሆን በአፍ ነው፤ የቀመሰ ላልቀመሰ እየነገረ። ይሁን እንጂ ምርቱ ከአርሶ አደሩ እጅ ወጥቶ መጋዘን ሲገባ ስሙ ደጅ ይቀራል። ምንም ባልተጻፈበት ወይም የሌላ ድርጅት ስም በታተመበት ጆንያ ይሞላል፤ ከደህናውም ከመናኛውም ይቀላቀላል። ከተማ ያለው ሸማች ዛሬ የወደደውን ማር በሚቀጥለው ወር ደግሞ ለመግዛት ቢፈልግ ማን እንዳመረተው የሚጠቁመው ነገር አያገኝም። አርሶ አደሩም ማሩን አጥልሎና አጥርቶ ቢያቀርብ ለድካሙ የተለየ ዋጋ የሚጠይቅበት ማስረጃ የለውም።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ በምርቱ ላይ የሚታተም መለያ ዓርማ፣ በተለምዶ ሎጎ የሚባለው ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዓርማ ማሠራት ለአንድ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ቀላል አልነበረም። ሠዓሊ ወይም የግራፊክስ ባለሙያ ፍለጋ ዞን ከተማ፣ አንዳንዴም ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ድረስ መሄድን ይጠይቃል። አሁን ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ምስል ፈጣሪ መሣሪያዎች በስልክ ላይ ገብተዋል። የሚፈለገው ነገር በጽሑፍ ሲነገራቸው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዓርማውን ሥለው፣ በማር ጠርሙስ ወይም በጤፍ ጆንያ ላይ የታተመ አስመስለው ያቀርባሉ። ምስሉ እውነተኛ ፎቶግራፍ እስኪመስል የተዋጣለት ነው።

ይህ ለገጠሩ አምራች መልካም አጋጣሚ ነው። ሆኖም የተሣለው ሁሉ የሚታተም፣ የታተመው ሁሉም በሕግ የሚጠበቅ አይደለም። ከዚህም በላይ የአምራቹን ዓርማ የሚሥለው መሣሪያ የአጭበርባሪውንም ሐሰተኛ መለያ ይሥላል። ስለዚህ ማኅበራትም ሆኑ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች መሣሪያውን ከመጠቀማቸው በፊት አሠራሩን፣ ድክመቱንና ሕጉን ማወቅ ይኖርባቸዋል።

መለያ ለምን ያስፈልጋል?

የመለያን ጥቅም ለማሳየት የኢትዮጵያ ቡና ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ማመልከቻ አስገባ። የአሜሪካ የቡና ማኅበር በሐረርና በሲዳሞ ስሞች ላይ “እነዚህ የቡና ዓይነት መጠሪያዎች እንጂ የንግድ ምልክቶች አይደሉም” የሚል መከራከሪያ ይዞ ተቃወመ። ስታርባክስ ከተባለው ግዙፍ ኩባንያ ጋር የነበረው አለመግባባትም የዓለምን ትኩረት ስቦ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2007 በስምምነት ተቋጨ፤ ኩባንያው ኢትዮጵያ በስሞቹ ላይ ያላትን መብት የሚያከብር የፈቃድ ስምምነት ፈረመ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ስም ራሱ ሀብት ነው። ክርክሩ የተካሄደው ስለ ቡና ፍሬ ወይም ስለ ሥዕል ሳይሆን ስለ ስም ነበር። ሁለተኛው፣ ስምን ቀድሞ ያላስመዘገበ በኋላ ብዙ መሟገት ይጠብቀዋል። በአገር ደረጃ የሆነው በቀበሌ ደረጃ ለተቋቋመ የንብ አናቢዎች ማኅበርም ይሠራል።

መሣሪያው እንዴት ይሥላል?

ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይ፣ ሚድጀርኒ፣ አይዲዮግራም፣ ካንቫና አዶቤ ፋየርፍላይ በአሁኑ ወቅት በስፋት ከሚታወቁት መካከል ናቸው። አንዳንዶቹ በተወሰነ መጠን በነፃ ይሠራሉ፤ ሌሎቹ ወርሃዊ ክፍያ ይጠይቃሉ።

ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ የሚማሩት ከኢንተርኔት ከተሰበሰቡ እጅግ ብዙ ምስሎችና ከምስሎቹ ጋር ካለው ጽሑፍ ነው። ለምሳሌ ስቴብል ዲፊዩዥን የተባለው መሣሪያ የሠለጠነው ላዮን ከተሰኘ የምስል ክምችት በተወሰደ ክፍል ሲሆን፣ የክምችቱ ትልቁ ቅጂ 5.85 ቢሊዮን ምስሎችን ከነመግለጫቸው የያዘ ነው። በሥልጠናው ወቅት መሣሪያው “ንብ” ከሚል ቃል ጋር ምን ዓይነት ቅርጽ፣ “ማር” ከሚል ቃል ጋር ምን ዓይነት ቀለም አብሮ እንደሚመጣ ይለምዳል።

ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሥዕሉን የሚጀምሩት ትርጉም ከሌለው የነጠብጣብ ብናኝ ነው። የተሰጠውን ጽሑፍ እየተከተሉ ብናኙን ደረጃ በደረጃ ያጠራሉ፤ ከጉም ውስጥ ተራራ ቀስ እያለ እንደሚገለጥ ምስሉ ይወጣል። ከዚህ አሠራር የሚከተለው ነገር ለተጠቃሚው ወሳኝ ነው። መሣሪያው የሚያወጣው በሥልጠናው ወቅት በብዛት ያየውን ነው። ስንዴን በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ምስሎች ያውቃል፤ ጤፍን ግን ያየው ጥቂት ነው። “የጤፍ ዘለላ ሣል” ሲባል ጠንካራ የስንዴ ዛላ ሊሥል ይችላል። ቀፎ ሲባል በሌላ አገር የተለመደውን ሳጥን እንጂ በዛፍ ላይ የሚሰቀለውን ባህላዊ ቀፎ ላያወጣ ይችላል። ጤፍ አምራች በስንዴ ዓርማ ገበያ ቢወጣ የሚስቅበት የመጀመሪያው ሰው የራሱ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ከማተም በፊት ምርቱን የሚያውቅ ሰው ሥዕሉን ማየት አለበት።

ትእዛዙ እንዴት ይጻፍ?

አንድ የማር አምራቾች ማኅበር ዓርማ ማሠራት ፈለገ እንበል። ስልክ ከመያዙ በፊት አባላቱ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለባቸው። ምርታችንን ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? ዓርማው የሚታተመው በምን ላይ ነው? የሚያየውስ ማን ነው? መልሱ “ማራችን በአደይ አበባ ወቅት የሚቆረጥ ነው፤ በግማሽ ኪሎ ጠርሙስ እንሸጣለን፤ ገዥያችን የከተማ ሱቅ ነው” ከሆነ ትእዛዙ ግማሽ መንገድ ተጉዟል።

“የሚያምር የማር ሎጎ ሥራልኝ” የሚል ትእዛዝ ከሺህ ሌሎች የማር ዓርማዎች የማይለይ ሥዕል ያመጣል። የተሻለው ትእዛዝ እንዲህ ዓይነት ነው፦

“ለማር አምራቾች ማኅበር የሚሆን ዓርማ። መሐሉ ላይ አንዲት ንብ፣ ከሥሯ አንድ የአደይ አበባ። ጠፍጣፋ ሥዕል፣ ወፍራም መስመር፣ ሁለት ቀለም ብቻ፤ ጥቁርና ወርቃማ ቢጫ። ነጭ መደብ። በክብ ውስጥ የሚገባ። ጥላም፣ ፎቶም፣ ጽሑፍም የሌለበት።”

በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቃል ምክንያት አለው። አንድ ንብና አንድ አበባ የተባለው ዓርማ ሲበዛ ስለሚጠፋ ነው። ማኅበራት ብዙውን ጊዜ በሬም፣ ተራራም፣ ፀሐይም፣ መጽሐፍም፣ የተጨባበጡ እጆችም በአንድ ዓርማ እንዲገቡ ይፈልጋሉ፤ ውጤቱ ከሦስት ርምጃ በኋላ የማይለይ ጭፍግግ ያለ ሥዕል ይሆናል። ሁለት ቀለም የተባለው በጆንያ ላይ ሲታተም ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ የማተሚያ ቅርጽ ስለሚያስፈልግና ቀለም በጨመረ ቁጥር ወጪው ስለሚጨምር ነው። ጽሑፍ የሌለበት የተባለበት ምክንያት ደግሞ ከዚህ በታች ይታያል።

መሣሪያዎቹ በአማርኛ የተጻፈ ትእዛዝ ይቀበላሉ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍላቸው ግን ብዙ ጊዜ በተሻለ ይረዳሉ። በቀበሌው ያለ መምህር፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣ ተማሪ በዚህ በኩል ሊያግዝ ይችላል። የመጀመሪያው ሥዕል አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር የመጨረሻ አይሆንም። “ንቧን አሳንስ፣ መስመሩን አወፍር፣ አበባዋን ስምንት ቅጠል አድርጋት” እያሉ ማረም የሥራው አንድ ክፍል ነው።

እውነተኛ መሳይ ምስል የሚጠቅመው ለምንድን ነው?

ዓርማው ከተመረጠ በኋላ ምስሉን መልሶ ለመሣሪያው በመስጠት “ይህን ዓርማ ሳትለውጥ በግማሽ ኪሎ የማር ጠርሙስ ላይ የተለጠፈ አስመስለህ አሳይ፤ ጠርሙሱ በቀን ብርሃን በሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሌሎች ጠርሙሶች ጋር ይቀመጥ” ማለት ይቻላል። በዚህ መንገድ ዓርማውን በጆንያ፣ በባልዲ፣ በታፔላ፣ በመኪና ጎን ላይ ማየት ይቻላል። ቀድሞ ይህን ለማየት ናሙና ማሳተም ያስፈልግ ነበር።

ጥቅሙ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይታያል። አባላት በወረቀት ላይ ያለን ሥዕል አይተው ለመወሰን ይቸገራሉ፤ ጆንያው ላይ ታትሞ ሲያዩት ግን “ይህ በሩቅ አይታይም”፣ “ይህ የእገሌን ይመስላል” ለማለት ይደፍራሉ። ሦስት ቀላል ፈተናዎችም አሉ። ምስሉን በጥቁርና ነጭ አትሞ ማየት፤ ማኅተም በሚያክል፣ በሦስት ሳንቲ ሜትር አሳንሶ ማየት፤ ከዚያም ግድግዳ ላይ ለጥፎ ከሃያ ርምጃ ማየት። ሦስቱንም ያለፈ ዓርማ በገበያ ላይ ይሠራል።

ይሁንና እውነተኛ መሳዩ ምስል ለውሳኔ ይረዳል እንጂ ለሽያጭ አይውልም። ማኅበሩ ገና ጠርሙስ ሳይገዛ፣ ማሩን ሳያጣራ፣ መሣሪያው የሣለውን የሚያብረቀርቅ ማር “ምርታችን ይህ ነው” ብሎ በቴሌግራም ቢለቅ ገዥን ማታለል ይሆናል። የደረሰው ዕቃ ከምስሉ ካልገጠመ ዓርማው ገና ሳይወለድ ስሙ ይጠፋል።

መሣሪያው የሚወድቅባቸው ሦስት ቦታዎች

የመጀመሪያው ፊደል ነው። ምስል ፈጣሪ መሣሪያዎች ፊደልን የሚሥሉት እንደ ቅርጽ ነው። በላቲን ፊደል ብዙ ተሻሽለዋል፤ በግዕዝ ፊደል ላይ ግን አሁንም ይሳሳታሉ። ከሩቅ አማርኛ የሚመስል፣ ሲቀርቡት ግን በየትኛውም ገበታ የሌለ ቅርጽ ያወጣሉ፤ “ማ” ቀለበት ይበቅልላታል፣ “ር” እግር ታጣለች። “ማር” የሚለው “ማሪ” ሆኖ በአምስት ሺህ ተለጣፊ ላይ ከታተመ የሚከስረው ማኅበሩ ነው። መፍትሔው ሥዕሉን ያለ ጽሑፍ ማሠራት፣ የማኅበሩን ስም ግን በኮምፒውተር በትክክለኛ የፊደል ዓይነት መጻፍ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነፃ የሚገኙ፣ ለንግድ ሥራም የተፈቀዱ የፊደል ዓይነቶች ናቸው።

ሁለተኛው የምስል ጥራት ነው። ብዙ መሣሪያዎች የሚያወጡት ምስል በአንድ ጎኑ አንድ ሺህ ገደማ ነጥብ ወይም ፒክስል አለው። ለጥራት ያለው ሕትመት በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ይፈለጋል። 1,024 ነጥብ ያለው ምስል በዚህ ስሌት በጥራት የሚታተመው እስከ 8.7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ነው፤ ለጠርሙስ ተለጣፊ ይበቃል። ያንኑ ምስል በጆንያ ላይ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ቢዘረጉት በአንድ ኢንች የሚደርሰው 87 ነጥብ ገደማ ብቻ ስለሚሆን ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፣ ይደበዝዛል። ስለዚህ ዓርማው ቬክተር ወደሚባለው፣ በመስመር ወደተሠራና የቱንም ያህል ቢለጠጥ ወደማይበላሽ ፋይል መለወጥ አለበት። ኢንክስኬፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያም በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። እዚህ ላይ የግራፊክስ ባለሙያው አስፈላጊነት እንዳልቀረ ልብ ማለት ይገባል። ቀድሞ ከዜሮ ይጀምር የነበረው ሰው አሁን ማኅበሩ የመረጠውን አርሞና አስተካክሎ ለማተሚያ ቤት ያደርሳል።

ቀለምም ሌላው ጥያቄ ነው። በስልክ ላይ የሚታየው ቀለም የብርሃን ቀለም ነው፤ በማተሚያ ቤት የሚሠራው ግን ከሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለሞች ድብልቅ ነው። በስልክ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ በጆንያ ላይ ሲወርድ ደብዘዝ ይላል። ሙሉውን ትእዛዝ ከመስጠት በፊት አንድ ናሙና አሳትሞ ማየት የብዙ ሺህ ብር ኪሳራ ያድናል።

ሦስተኛውና ከባዱ መመሳሰል ነው። መሣሪያው ከሌሎች ሥራ የተማረ በመሆኑ የሌላውን ዓርማ የሚመስል ሥዕል ሊያወጣ ይችላል። ጌቲ ኢሜጅስ የተባለው የፎቶግራፍ ድርጅት በስቴብል ዲፊዩዥን ባለቤት በስታቢሊቲ ኤአይ ላይ በለንደን ባቀረበው ክስ ይህ ጉዳይ ተነሥቷል። የድርጅቱ የንግድ ምልክት መሣሪያው በሠራቸው አንዳንድ ምስሎች ላይ ታይቶ ነበር። የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኅዳር 2025 በሰጠው ውሳኔ የቅጂ መብቱን ክስ ባይቀበልም፣ በውስን ሁኔታ የንግድ ምልክት ጥሰት መፈጸሙን አረጋግጧል። ለአንድ የገጠር ማኅበር ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ “እኛ አልቀዳንም፣ ማሽኑ ነው የሣለው” የሚለው መልስ ብቻውን ከክስ አያድንም።

ዓርማው የማን ነው?

ማሽን የሣለው ሥዕል ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ በዓለም ላይ እያከራከረ ነው። በአሜሪካ አንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ማሽን ብቻውን የፈጠረው ሥራ የቅጂ መብት እንደማይሰጠው፣ የሥራው አመንጪ ሰው መሆን እንዳለበት ወስኗል። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪን ሥራውን በአእምሮው ጥረት የፈጠረ ሰው አድርጎ ይተረጉመዋል። በመሆኑም ሙሉ በሙሉ በማሽን የተሣለ ዓርማ ላይ በቅጂ መብት ብቻ መተማመን አያዋጣም።

አስተማማኙ መንገድ የንግድ ምልክት ምዝገባ ነው። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ የምስክር ወረቀት ነው። ለምዝገባው ዋናው ጥያቄ ምልክቱ የአንዱን ምርት ከሌላው ምርት ይለያል ወይ የሚለው ነው። ምዝገባው ለሰባት ዓመት የሚያገለግል ሲሆን በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። ሥራውን የሚያከናውነው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

አዋጁ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለዩኒየኖች በተለይ የሚጠቅም ሐሳብ ይዟል፤ የጋራ የንግድ ምልክት ይባላል። የምልክቱ ባለቤት ማኅበሩ ሆኖ አባላቱ በሙሉ ይጠቀሙበታል። በዚህ መንገድ አንዱ አባል ዓርማውን ለብቻው ይዞ እንዳይወጣ፣ ከአባልነት ውጭ ያለም እንዳይጠቀምበት መከላከል ይቻላል።

ማመልከቻ ሲቀርብ ምርቱ የሚገኝበት ምድብ ይጠየቃል። በዓለም አቀፉ የዕቃዎችና አገልግሎቶች ምደባ 45 ምድቦች አሉ፤ ማር፣ ቡናና ዱቄት በ30ኛው፣ ያልተፈጨ እህልና ዘር በ31ኛው፣ የወተት ተዋጽኦና የምግብ ዘይት በ29ኛው ይገኛሉ። ማርም እህልም የሚሸጥ ማኅበር አንዱን ብቻ አስመዝግቦ ሌላውን መርሳት የለበትም።

ሕጉ የማይቀበላቸው ምልክቶችም አሉ። የአገር ሰንደቅ ዓላማና የመንግሥት ዓርማ፣ እንዲሁም ስለ ምርቱ ዓይነት ወይም ስለ መጣበት አካባቢ ሕዝብን የሚያሳስቱ ምልክቶች አይመዘገቡም። መሣሪያው “የኢትዮጵያ ምርት” ሲባል ባንዲራ ለመጨመር ይቸኩላል፤ ይህን ማስወጣት የተጠቃሚው ድርሻ ነው። ከላስታ ያልመጣ ማርም በላስታ ስምና ሥዕል ሊሸጥ አይገባም።

ሐሰተኛ መለያና የአርሶ አደሩ ጥንቃቄ

ለማኅበሩ በአንድ ደቂቃ የሚሥለው መሣሪያ ለአጭበርባሪም በአንድ ደቂቃ ይሥላል። ቀድሞ የዘር ድርጅትን ወይም የፀረ ተባይ አምራችን ዓርማ አስመስሎ ለመሥራት ሙያ ያስፈልግ ነበር፤ ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ በተንጋደደ ፊደሉና በደበዘዘ ቀለሙ ይታወቅ ነበር። አሁን ይህ ምልክት እየጠፋ ነው። ዓርማው ማማሩ የዕቃውን እውነተኛነት አያረጋግጥም።

በዘር ላይ የሚደርስ ማታለል ደግሞ ከሌላው ሁሉ የከፋ ነው። ሐሰተኛ ልብስ የገዛ ገንዘቡን ያጣል፤ ሐሰተኛ ዘር የዘራ ገንዘቡንም፣ ማሳውንም፣ ዓመቱንም ያጣል። ስለዚህ አርሶ አደሩ በጆንያው ላይ ካለው ሥዕል ይልቅ የሚከተሉትን ማየት ይኖርበታል።

ዘሩን ፈቃድ ካለው አከፋፋይ ወይም ከማኅበሩ መግዛትና ደረሰኝ መቀበል። የጆንያው ስፌት ያልተፈታ፣ መለያ ወረቀቱም ያልተቀደደ መሆኑን ማየት። በመለያ ወረቀቱ ላይ የሰብሉ ዓይነት፣ የዝርያው ስም፣ የምርት ዘመኑ፣ የብቅለት መጠኑና የዘሩ ዕጣ ቁጥር መጻፉን ማረጋገጥ። ሰብሉ እስኪሰበሰብ ድረስ ጆንያውን፣ መለያውንና ደረሰኙን አለመጣል። ችግር ሲያጋጥም የዕጣ ቁጥሩ ዘሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ያስችላል፤ ዓርማው ግን ይህን አይናገርም።

ለፀረ ተባይ ኬሚካልም ተመሳሳይ ነው። በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ለገበያ አይቀርብም። የተጠራጠረ አርሶ አደር ዕቃውን ሳይከፍት ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳየት አለበት።

ማኅበራትም በበኩላቸው ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገር አለ። መሣሪያው ዓርማውን ለማሳመር “የጥራት ማረጋገጫ” የሚመስል ክብ ማኅተም፣ የአውሮፓን የተፈጥሮ ምርት ቅጠል ወይም የፍትሐዊ ንግድ ምልክትን የሚመስል ሥዕል ሊጨምር ይችላል። እነዚህ በምርመራና በፈቃድ የሚሰጡ ምልክቶች ናቸው። ሳይፈቀዱ ማተም ማስዋብ ሳይሆን ማጭበርበር ነው፤ የውጭ ገበያ ለሚፈልግ ዩኒየን ደግሞ በሩን በገዛ እጅ መዝጋት ይሆናል።

ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ምን ይጠበቃል?

በዚህ ሥራ የወረዳው የኅብረት ሥራ፣ የግብርናና የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ ትልቅ ነው። በየማኅበሩ ኮምፒውተርና ባለሙያ ማስቀመጥ አይቻልም፤ በወረዳ ደረጃ አንድ ኮምፒውተርና ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው መመደብ ግን ይቻላል። ያ ሰው ማኅበራቱን በተራ ያግዛል፤ ትእዛዙን ይጽፋል፣ ፊደሉን ያርማል፣ ፋይሉን ለሕትመት ያዘጋጃል።

ሁለተኛው፣ ውሳኔው የአባላት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበር የመጨረሻው ሥልጣን አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ዓርማን ሊቀመንበሩ ወይም የወረዳው ባለሙያ በስልኩ መርጦ ቢያሳትመው አባሉ የራሴ አይለውም። ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ቀርቦ፣ ድምፅ ተሰጥቶ፣ ቃለ ጉባኤ ሊያዝ ይገባል። ቃለ ጉባኤው፣ ለመሣሪያው የተሰጠው ትእዛዝና በየደረጃው የወጡት ሥዕሎች አብረው ቢቀመጡ ወደፊት ክርክር ቢነሣ ዓርማው እንዴት እንደተሠራ ያስረዳሉ።

ሦስተኛው የመሣሪያውን የአገልግሎት ውል ማንበብ ነው። አንዳንዱ በነፃ የተሠራን ምስል ለንግድ ማዋልን ይፈቅዳል፤ አንዳንዱ የሚፈቅደው ለሚከፍል ብቻ ነው። አራተኛው ቅደም ተከተልን መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ተመሳሳይ ምልክት አለመኖሩን ማጣራት፣ ቀጥሎ ለምዝገባ ማመልከት፣ ከዚያ በብዛት ማሳተም። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ አሥር ሺህ ጆንያ ታትሞ ካለቀ በኋላ ምልክቱ የሌላ መሆኑ ይሰማል። ያን ጊዜ ጆንያው ይጣላል፣ ብድሩ ግን ይከፈላል።

ከዓርማው ጀርባ ያለው ምርት

ዓርማ ለሸማቹ የሚሰጥ ቃል ነው። ባለፈው የገዛኸውን ዓይነት ዛሬም ታገኛለህ ይለዋል። ይህን ቃል የሚጠብቀው ግን መሣሪያው አይደለም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ የሚባለው፣ የማር እርጥበት በአጠቃላይ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ሱክሮስ የሚባለው የስኳር ዓይነትም በአብዛኛው ማር ከ100 ግራም ውስጥ ከ5 ግራም እንዳያልፍ ይጠይቃል። ማሩ ሳይደርስ የተቆረጠ እንደሆነ እርጥበቱ ይበዛና በጠርሙሱ ውስጥ ይብላላል፤ ያን ጊዜ ያማረው ዓርማ ሸማቹ ሁለተኛ እንዳይገዛ የሚያስታውስ ምልክት ይሆናል። አንድ አባል ስኳር ቢቀላቅል የሚጠፋው የእርሱ ስም ሳይሆን የመቶ አባላት ስም ነው።

ስለዚህ የጋራ ዓርማ ያለው ማኅበር የጋራ መተዳደሪያም ያስፈልገዋል። ማን ማሩን ይረከባል? እርጥበቱ በምን ይለካል? ያላሟላው ምን ይደረጋል? በዓርማው ያልተፈቀደለት ሲጠቀም ማን ይከሳል? እነዚህ በውስጥ ደንብ ተጽፈው ሊጸድቁ ይገባል። በየጠርሙሱ ላይ የምርት ቀኑና የመረከቢያ ቁጥሩ ቢጻፍ ቅሬታ ሲመጣ ከየትኛው ቀፎ አካባቢ እንደወጣ ለይቶ ማረም ይቻላል።

መኸሩ ተሰብስቦ ማርና እህል በብዛት ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ያለው ጊዜ ለዚህ ዝግጅት ምቹ ነው። ሥዕሉ የሚወስደው ደቂቃ ነው፤ የአባላት ውይይት፣ የምልክት ማጣራቱ፣ ምዝገባውና የጥራት ደንቡ ግን ወራት ይፈልጋሉ። ከአሁኑ የጀመረ ማኅበር በሚቀጥለው ምርት ዘመን በራሱ ስም ይሸጣል።